ለፒክአፕና ለተሳቢ ገዢዎች፦ ከመጎተቷ በፊት ማቆሟን እንጠይቅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



እንደምታስታውሱት ባለፉት ሁለት ስብሰባዎች ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ አድሯል። ይኸውም ከአባሎቻችን መካከል ሦስት ቤተሰቦች የቡናቸውንና የዕቁባቸውን ገንዘብ አጠራቅመው ለየቤታቸው ፒክአፕ ሊገዙ አስበዋል፤ ከኋላዋም ተሳቢ ሊቀጥሉባት ይፈልጋሉ፤ ታዲያ የትኛዋ መኪና ትሻላለች? የሚል ነው። ለጎደለው ገንዘብ ማኅበሩ ከመረዳጃው ሣጥን እንዲያበድራቸው ስለጠየቁ ነገሩ የሦስት ቤት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ እኛ የኮሚቴው አባሎች ከመካኒኮች፣ በከባድ መኪና ከሸበቱ ሾፌሮችና ከሰፈራችን የፊዚክስ መምህር ጋር ተቀምጠን ተነጋግረናል። ያገኘነውን ዛሬ እናቀርባለን። ዛሬ ያልተገኙ ጎረቤቶችም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነቡታል።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ደብል ጋቢና ፒክአፕ አምስት ሰው በወግ ትይዛለች፤ ልጆችም እናትም ከዝናብ ተጠልለው ይሄዳሉ። ቡናው፣ ማሩ፣ ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው ደግሞ በተሳቢ ይከተላል። ሥራ በሌለ ቀን ተሳቢውን ፈትቶ ግቢ አቁሞ በመኪናዋ ዘመድ መጠየቅ ነው። የማኅበሩን ድንኳንና ወንበር ለለቅሶና ለሠርግ የምናመላለስበትም ችግር ይቃለላል። በጋሪና በሸክም ምን ያህል እንደምንቸገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሆኖም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው፣ «ምን ያህል ትጎትታለች?» ብሎ ነው። እኛ ብዙ ከሰማን በኋላ ጥያቄውን መለወጥ ግድ ሆነብን። መጎተቱማ ቀላል ነው፤ ደህና ሞተር ያላት መኪና ሁሉ ትጎትታለች። ዋናው ጥያቄ የጎተተችውን ይዛ ቁልቁለት ላይ መቆም ትችላለች ወይ? ነው።

በመጀመሪያ ሸክማችንን በኪሎ እንወቅ። እኛ በኩንታል ነው የምንናገረው፤ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። «ሃያ ኩንታል ብቻ ነው የምጭነው» ያለ ሰው 2,000 ኪሎ ማለቱ ነው። ይህም አንዲት ባዶ ደብል ጋቢና ፒክአፕ የምትመዝነውን ያህል ነው። ተሳቢው ራሱ ደግሞ ክብደት አለው። እዚህ በብየዳ የሚሠራው በቱቦላሬና በወፍራም ላሜራ ስለሆነ 400 ኪሎም 500 ኪሎም ቢመዝን አይግረማችሁ። መኪናዋ ውስጥ አባወራው፣ እማወራዋ፣ ሦስት ልጆች፣ ስንቅና ትርፍ ጎማ ሲጨመሩ ሌላ ሦስት ኩንታል ተኩል ገባ ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ሳይደምሩ መኪና መምረጥ፣ ለስንት ሰው እንደሆነ ሳያውቁ ድግስ መደገስ ነው።

አሁን ዋናውን ቁጥር እንናገር፤ እባካችሁ ይህችን ጻፏት። 750 ኪሎ። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከዚህ በላይ እንዳይመዝን በአውሮፓ አገሮች ሕግ ተደንግጓል። የሂሉክስና የዲማክስ ፋብሪካዎችም ለአዲሶቹ ፒክአፖቻቸው የሚሰጡት ቁጥር ይኸው ነው። ልብ በሉ፣ 750 የተባለው የቡናው ብቻ አይደለም፤ የብረቱም ጭምር ነው። ተሳቢው ራሱ 400 ከመዘነ ለቡና የቀረው ሦስት ኩንታል ተኩል ነው። እንዴ! ለሦስት ኩንታል ተኩልማ ተሳቢ ምን ያደርጋል? የፒክአፗ የራሷ መጫኛ ይበቃው የለም ወይ? አዎ፣ ይበቃዋል። ነገሩን ያነሳነውም ስለዚሁ ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ለእኛ ሥራ ብዙም አይጠቅምም፤ ጠቀመ የሚባለው ከልክ በላይ ሲጫን ነው።

ፍሬን ላለው ተሳቢ ግን አዲሶቹ ዲዝል ሂሉክስም ዲማክስም እስከ 3,500 ኪሎ የሚፈቀድላቸው አሏቸው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው፤ 750 እና 3,500። መኪናዋ ያችው፣ ሞተሯም ያው ነው። ልዩነቱ የተሳቢው ፍሬን ብቻ ነው።

ይህ ለምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ መንገዳችንን ተመልከቱ። ከመቱ ጎሬ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሽቅብ ነው፣ ብዙ አያሠጋም። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ሲኬድ ግን መሬቱ እየወረደ እየወረደ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያደርሳል። በአንድ ጉዞ ውስጥ 1,500 ሜትር መውረድ ማለት ነው። በበደሌ በኩልም ቢሆን ከያዮ ወዲያ የገባ ወንዝ ሸለቆ አለ፤ ወርዶ መውጣት ነው።

የፊዚክስ መምህራችን አንድ ነገር አስልቶ አስደነገጠን። መኪናና ተሳቢ ከነጭነታቸው 4,000 ኪሎ ቢሆኑ፣ ያንን 1,500 ሜትር ሲወርዱ የሚወጣው ኃይል ሙሉ በሙሉ ሙቀት ቢሆን ወደ 175 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ሙቀት ገሚሱን ሞተሩ፣ ነፋሱና ጎማው ይካፈሉታል። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ከሆነ ግን ብዙው የሚያርፈው በአራት የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል። የፍሬኑ ዘይት ደግሞ እርጥበት የሚስብ ስለሆነ፣ እንደኛ ባለ ዝናባም አገር ለዓመታት ሳይለወጥ ከቆየ ውሃ ይቀላቀልበታል። ሲግል ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይሄዳል። ሾፌሮች «ፍሬን በጠሰች» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይኼ ነው፤ የተበጠሰ ነገር ላይኖር ይችላል።

ያውም የሚገፋው ከኋላ ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ መኪናዋ ስትቆም እሱ አይቆምም፤ ይገፋታል። መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ወደፊት፣ ጠመዝማዛ ከሆነ ወደ ጎን። ባለፈው ክረምት ከሰፈራችን በታች ባለችው ቁልቁለት ላይ እንጨት የጫነ ተሳቢ ፒክአፗን አሽከርክሮ ፊቷን ወደ መጣችበት እንዳዞራት ያየን አለን። ሰው አልሞተም። ከመንገዱ ዳር ሁልጊዜ ጀበና ይዛ የምትቀመጠው እህታችን በዚያች ሰዓት ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር።

ይህ የጋምቤላ ቁልቁለት ለኢሉባቦር ቡና አዲስ መንገድ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዞች መካከል በተደረገው ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሸክም እየወረደ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። በቅሎዋ በአራት እግሯ እየተከላች ነው የወረደችው። የተሸከመችው ጭነት ከራሷ ጋር ይቆማል እንጂ ከኋላ አይገፋትም ነበር። አሁን ዋናው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ፍጥነት መጥቷል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

ታዲያ ተሳቢው ምን ዓይነት ፍሬን ይኑረው? ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የግፊት ፍሬን የሚባለው ነው፤ መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ያው ግፊት በመጎተቻው አንገት በኩል የተሳቢውን ፍሬን ይስባል። ሽቦ አይፈልግም፤ ቀላል ነው፣ ለመካከለኛ ጭነትም ይበቃል። ነገር ግን በረዥም ቁልቁለት ላይ ሲገፋ ስለሚውል ይግላል፤ እያቆሙ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከጋቢናው የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። ለከባድ ጭነት እሱ ይሻላል፤ ይወደዳልም፤ ሠሪውም እንደ ልብ አይገኝም። እዚህ የሚሠሩት ተሳቢዎች ብዙዎቹ ከአሮጌ መኪና በተፈታ የኋላ አክስልና ሞዞ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ስታሠሩ ከነፍሬኑ የሆነውን አክስል ምረጡ፤ ታምቡሩና ሸራው ካለ የግፊቱን አንገት መቀጠል ለጥሩ ባለሙያ አይከብደውም። ታምቡሩን አውልቆ የጣለ በያጅ ግን፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ ከሥራው ይልቅ ያጎደለብን ይበልጣል።

አሁን ወደ መኪናዋ እንምጣ። ሂሉክስ ወይስ ዲማክስ ወይስ ኤል 200 ወይስ ላንድክሩዘር እያላችሁ በየቡናው ሰዓት ስትከራከሩ እንሰማለን። ሂሉክስ መሠራት የጀመረችው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ የድሮዋና የአሁኗ ስማቸው ነው እንጂ አንድ የሆነው፣ ጉልበታቸውም ፍሬናቸውም አይገናኝም። ጎረቤት ያላት አዲስ ሂሉክስ 3,500 ተፈቅዶላታል ማለት እናንተ የምትገዟት የሃያ ዓመት ሂሉክስ ያንን ያህል ትጎትታለች ማለት አይደለም። የዚያችኑ ዓመተ ምሕረትና ሞተር መጽሐፍ አስነብቡ። መጽሐፉ ከጠፋ ፋብሪካው መኪናዋ ላይ የለጠፈውን የክብደት ሰሌዳ ተመልከቱ።

እዚያ ላይ ሦስት ቁጥር ፈልጉ። መኪናዋ ከነጭነቷ፣ ተሳቢው ከነጭነቱ፣ ከዚያም ሁለቱ ተደምረው። ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነው። ለምሳሌ መኪናዋ ከነጭነቷ እስከ 3,000፣ ሁለቱ ተደምረው እስከ 5,800 ቢፈቀድ፣ መኪናዋን ጢም አድርጋችሁ ከጫናችሁ ለተሳቢው የቀረው 2,800 ነው። ሻጩ 3,500 ብሎ ቢምልም ማለት ነው።

የኮሚቴው አስተያየት እንግዲህ እንዲህ ነው። ለእኛ መንገድ ዲዝል ትሁን፤ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ያላት፣ በአራት ጎማ የምትሄድ፣ ከባድ ማርሽ ያላት ትሁን። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ጠንካራ ናት፤ ሻንሲዋም የሚታመን ነው፤ ግን ለቤተሰብ ኪስ አትመችም። ከሂሉክስና ከዲማክስ ማናቸውም ቢሆኑ አንከራከርም። መለዋወጫዋ ቅርብ የሚገኝላትን፣ መካኒካችሁ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታትን ውሰዱ። አንድ የፍሬን ሲሊንደር ፍለጋ ጅማ ወይም አዲስ አበባ መላክ ካለባችሁ፣ ፍሬኑ ሳይሠራ መንዳት ይለመዳል። ይህንን ብዙ ቤት አይተናል።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙ፤ አብዛኞቻችን ደግሞ የምንገዛው ያገለገለ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ አገር ውስጥ የቆየችው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ እናንተ ከሥር ግቡ። ከኋላ መጎተቻ ተበይዶባት ከነበረ ሻንሲዋ ላይ ስንጥቅ፣ መጣመም ወይም አዲስ ቀለም ታያላችሁ። ሽቅብ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኗ አልቋል። የካምቢዮ ዘይት የተቃጠለ ከሸተተ ከልክ በላይ ስትጎትት ኖራለች። ባሌስትራዋ ጀርባውን ካጎበጠም እንደዚያው። ራዲያተሯን ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች ክፈቱ፣ ማታ ከጉዞ በኋላ እዩ። ከሁሉ በላይ ሻጩን ወደ ቁልቁለት ውሰዱት፣ ሽቅብ ብቻ አያሳያችሁ።

ጭነት አጫጫን ላይ አጭር ቃል። ከከባዱ ዕቃ አብዛኛው ከአክስሉ ትንሽ ወደፊት ይሁን። መጎተቻው አንገት ላይ የሚያርፈው ከተሳቢው ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። 2,000 ኪሎ ከሆነ 200 ኪሎ ያህል አንገቱ ላይ ያርፋል፤ ያም ከመኪናዋ ጭነት ላይ ይቆጠራል። ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ጅራቱን እንደሚያወዛውዝ ውሻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መሪ አይረዳም። ሁለት ሰንሰለት ከአንገቱ ሥር አጣምራችሁ እሰሩ። ፍሬቻና የፍሬን መብራት ይኑረው። ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይግባለት። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ አለውና ለሰሌዳው፣ ለዓመታዊ ምርመራው፣ ለመድኑና መንጃ ፈቃዳችሁ ለዚህ ይበቃ እንደሆነ ሳትገዙ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

ስለ አነዳዱ ከድሮ ኤንትሬ ሾፌሮቻችን የሰማነው ዛሬም ያው ነው። እነሱ ፊያት ከነተሳቢው ቡና ጭነው ከዚህ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ዳገቱን ሊወጡ በሚችሉበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር፤ ማርሹንም የሚያስገቡት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ በፎሌ የሚለቅ ሾፌር ካያችሁ ልጃችሁን አታሳፍሩት። በቆጠባት ግማሽ ሊትር ናፍጣ ምን ሊገዛ ነው?

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር። በተሳቢ ላይ ሰው አይጫንም። በቡናው ከረጢት ላይ ልጅ፣ በድንኳኑ ላይ ጎረምሳ፣ በለቅሶ ቀን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ተጭኖ መሄድ ልማድ ሆኗል። «ቅርብ ነው፣ ቀብሩ ያልፈናል» ይባላል። ማኅበሩ ዕቃውን በተሳቢ በሚልክበት ቀን ሁሉ አንድም ሰው እላዩ ላይ አይቀመጥም፤ ይህንን ያልተቀበለ ባለመኪና የማኅበሩን ዕቃ አይጭንም። እናቶች በዚህ ተባበሩን፤ ጎረምሶቹ ከእኛ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

ወደ ብድሩ እንመለስ። ኮሚቴው ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ተሳቢ የሚጠየቅ ብድር የሚፈቀደው፣ ተሳቢው የሚሠራ ፍሬን እንዳለው መካኒክ አይቶ ከፈረመ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ አጉረምርማችኋል፤ ሰምተናል። ፍሬን ያለው ተሳቢ ይወደዳል ብላችኋል። እውነት ነው፣ ይወደዳል። ነገር ግን ከሣጥኑ የሚወጣው ገንዘብ የባልቴቶችም ጭምር ነው፤ መኪናና ተሳቢ ገደል ከገቡ ብድሩን ማን ይመልሳል? ደግሞም ያ መኪና ውስጥ የሚቀመጡት የእኛው ልጆች ናቸው።

ዋጋው የሚከብድበት አባል ካለ ሌላ መንገድ አለው። በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ብቻ ሃያና ሠላሳ ኩንታል ለሚያወጣ ቤተሰብ፣ ተሳቢ ከመግዛት በቡና ወቅት አንድ አይሱዙ ከጎረቤት ጋር ሆኖ መከራየት ይረክሳል ብለን እናምናለን። ደብል ጋቢናዋን ለቤተሰቡ ይግዛ፤ አምስትና ስድስት ኩንታሉን በራሷ መጫኛ ታውጣ፣ ያም ቢሆን ሰሌዳዋ የሚፈቅደውን አይቶ ነው። ከሦስቱ ቤተሰቦች አንዱ ይህንን ሰምቶ ሐሳቡን እያሰበበት ነው፤ ሁለቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ስላላቸው ተሳቢው ያስፈልጋቸዋል።

በመጨረሻ ማስታወቂያ። የቡና መፈልፈያው ባለቤት ባስኩላቸውን ለማኅበራችን አባሎች በነፃ ፈቅደውልናል፤ እናመሰግናለን። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ባዶ ተሳቢያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ይመዘናል፤ ኪሎውም በጎኑ በቀለም ይጻፍበታል። ተሳቢ ለማሠራት ያሰባችሁም አክስሉን ከመግዛታችሁ በፊት በዚያው ሰዓት መካኒኩን ታገኙታላችሁ። የብድሩ ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል፤ መቅረት የማይቻለው ብድር ጠያቂዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ተቃዋሚዎቹም ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ